የትኛው ካሣ?

በታሪካችን ውስጥ ካሣ ኃይሉ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ሰዎች አሉ። አንደኛው ቋራ ተወልደው፣ በቆላው ሸፍተው፣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል ነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ናቸው። ሁለተኛው ሰላሌን የገዙት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሰሜኑን ጦር የመሩት ልዑል ራስ ካሣ ናቸው። የሁለቱም አባት ኃይሉ ይባላሉ። ይብስ ብሎ የሁለቱም አያት ስም የሚጀምረው በ«ወልደ» ነው፤ የቋራው ካሣ የኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ፣ የሰላሌው ካሣ የላስታው የኃይሉ ወልደ ኪሮስ ልጅ ናቸው። እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች በወጉ ለመለየት እስከ አያት ድረስ መውረድ፣ እዚያም ደርሶ የአያትን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል መጥራት ግድ ነው።

ይህን ጉዳይ አንሥቼ እንድጽፍ ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት። የምትማረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ኮተቤ በኩል ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። በግንቦት ወር የታሪክ የቤት ሥራ ተሰጣት፤ «ካሣ ኃይሉ የተሳተፉባቸውን ዋና ዋና ጦርነቶች ጻፉ» ይላል። ልጅቷ ታሪክ ትወዳለች። ጉር አምባን ጻፈች፣ አይሻልን ጻፈች፣ ደረስጌን ጻፈች፣ በመቅደላ ጨረሰች። ወረቀቱ ሲመለስ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ለካ የተፈለገው ተምቤንና ማይጨው ኖሯል። ቤት ገብታ ደብተሯን ሶፋው ላይ ወርውራ አለቀሰች። እኔም ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። በመልሱ ውስጥ አንድም ስሕተት የለም። የጎደለው ጥያቄው ነው፤ የትኛው ካሣ እንደሆነ አይናገርም።

«ተይው አታልቅሺ፤ ቅዳሜ እንጦጦ እወስድሻለሁ» አልኳት።

«እንጦጦ ከካሣ ጋር ምን አገናኘው ጋሼ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

አገናኝቶታል። ሁለቱን ካሣዎች የሚያገናኛቸው ሦስተኛ ሰው የነገሡት እዚያ ተራራ ላይ ነው። አጤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። እኒህ ንጉሥ በልጅነታቸው አባታቸው ሲሞቱ በቋራው ካሣ ተማርከው መቅደላ አድገዋል፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ነው ሸዋ የገቡት። የሰላሌው ካሣ እናት ደግሞ የምኒልክ አጎት የራስ ዳርጌ ልጅ ናቸው። አንደኛው ካሣ አሳሪ፣ ሁለተኛው ካሣ የታሳሪው ዘመድ! ይህን በደብተር ከማስረዳት ቦታው ላይ ቆሞ ማውራት ይሻላል ብዬ አመንኩ፤ አሁንም አምናለሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መገናኛ ተገናኘን። ታክሲ ስንጠብቅ ልጅቷ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ወደተሰየመው ጎዳና እያየች «ይሄንን እንኳ ማንም አይስተውም» አለች። እውነቷን ነው። በአትላንታና በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀውን ኃይሌን በሌላ የሚለውጠው ሰው አይገኝም። ግን ሌሎቹስ? ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሲባል፣ «የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ናቸው» የሚል ሰው ዛሬም አያሌ ነው። አይደሉም። የአባታቸው ስም ኃይለ ሥላሴ ስለሆነ ነው። ራስ እምሩ የንጉሠ ነገሥቱ የሥጋ ዘመድና አብሮ አደግ ናቸው፤ በሽሬ ግንባር ተዋግተው፣ በኋላም ተማርከው በጣሊያን አገር በፖንዛ ደሴት ታስረዋል። በዚያው ጦርነት ሌላ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ነበር፤ ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች፣ በ1928 ዓ.ም. ለጠላት የገባው። በአንድ ጦርነት ውስጥ አንዱ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት፣ አንዱ ኃይለ ሥላሴ ከዳተኛ፣ አንዱ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ የጀግና አባት! ስሙን ብቻ ይዞ አባቱን የጣለ ተማሪ ክህደቱን ለማን፣ ጀግንነቱን ለማን ይስጥ?

ታክሲው በፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ጎዳና ሲያልፍ ልጅቷ «አባ ተጫን አባታቸው ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ስለጠየቀች ደስ አለኝ። አባ ተጫን የአርበኛው የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም የፈረስ ስም ነው። የቀድሞ ሰዎች የስም መመሳሰልን ችግር ያቃለሉት በዚህ ነው። አንድ ጦር ውስጥ ስንት ካሣ፣ ስንት ኃይሉ፣ ስንት ወልደ ጊዮርጊስ ይኖራል! ፈረሱ ግን አንድ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። አዝማሪው በፈረሱ ስም ሲያነሣ፣ ፎካሪው በፈረሱ ስም ሲፎክር፣ ሰሚው ማን እንደተወደሰ አይጠፋውም። ያን ልማድ ያሠፈረ የጎዳና ስም በየካ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወርደን ሽቅብ በእግር ጀመርን። የፈረንሳይን ኤምባሲ ግቢ አጥር ስናልፍ፣ ፈረንሳዮቹም ይህ ችግር እንደነበረባቸው ነገርኳት። ነገሥታቶቻቸው ሉዊ፣ ሉዊ እየተባሉ አሥራ ስምንተኛው ሉዊ ድረስ ደርሰዋል፤ እነሱ በቁጥር ለዩዋቸው። አባትና ልጅ ደራሲዎቹ አሌክሳንደር ዱማዎች ደግሞ «አባትየው»ና «ልጅየው» እየተባሉ ነው የሚጠሩት። እኛም ቀዳማዊና ዳግማዊ እንላለን፤ ግን ለነገሡት ብቻ ነው። ያልነገሠው ሰው ቁጥር የለውም፤ ያለው አባቱ ነው።

ጭንቁ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከሰፈሩ በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ መንገዱ ሁለት ሆነ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘንና «ማርያም በየት በኩል ነው?» አልነው። ያለማመንታት በቀኝ በኩል ያለውን አሳየን። ሄድን። ዳገቱ እየጠና፣ ቀዩ አፈር እያንሸራተተን፣ የዛፉ ጥላ እየከበደ ሄደ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ አለ፤ ማርያም ናት፣ ግን የምንፈልጋት ማርያም አይደለችም። ልጁ አልዋሸንም፤ እሱ የሚያውቃት ማርያም ያቺ ናት። ልጅቷ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እየፈታች «ጋሼ፣ ይሄም እንደ ካሣ ኃይሉ ሆነብን» አለች።

ትንሽ እንዳረፍን የማገዶ እንጨት የተሸከሙ እናት ቁልቁል ሲመጡ አየናቸው። ሸክማቸው ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ቅርንጫፉ በገመድ ተጠፍሮ ከወገባቸው ላይ ታስሯል፣ ደረታቸው ላይ የተሻገረው ገመድ ነጠላቸውን ሰንጥቆ ገብቷል፣ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ፊታቸውን ለማየት እኛም ጎንበስ ማለት ነበረብን። «እንጦጦ ማርያም? የምኒልኳን ነው?» አሉ። «አዎ እናቴ።» «እንደሱ አትሉም ታዲያ! በዚህ አድርጋችሁ ወደ ግራ ውጡ፤ አስፋልቱን ታገኙታላችሁ።» ሸክማቸውን ሳያወርዱ፣ ገመዱን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ በሌላው እጃቸው አቅጣጫውን አሳዩን። «የምኒልኳ» ባሉ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተፈታ።

በዚያ ከፍታ ላይ ሯጮች አይጠፉም። ቱታ የለበሱ ወጣቶች በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ አለፉን። ልጅቷ «አበበ ቢቂላን ይመስላሉ» ስትል ሌላ ወሬ ተከፈተ። ጳጉሜን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ አመጣ፤ ሰዓቱም 2፡15፡16 ነበር። ገና አራት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት፣ ሌላው አበበ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በጥይት ተገደሉ፤ ራስ አበበ አረጋይ። እኒህ ሰው በሸዋ ዱር ገደል አምስት ዓመት ጣሊያንን ሲፋለሙ ኖረው፣ አንድ ቀን እጃቸውን ሳይሰጡ ነፃነትን ያዩ ናቸው። አንዱ አበበ የወራሪውን አገር ዋና ከተማ በእግሩ ረታ፣ ሌላው አበበ ወራሪውን በአገሩ ተዋጋ። ስለ አንደኛው የማያውቅ ልጅ የለም፤ ስለ ሁለተኛው የሚያውቅ ልጅ ግን እያነሰ ነው። በዚህ አዝናለሁ።

ዝናቡ የደረሰው አስፋልቱን ሳናገኝ ነው። የእንጦጦ ዝናብ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ባሕር ዛፍ ደግሞ መጠለያ አይሆንም። ሮጠን፣ ተንሸራተን፣ የልጅቷ ጫማ ሶል ተገንጥሎ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ሙዚየሙ ተዘግቷል። የምኒልክንና የጣይቱን ዕቃዎች ላሳያት የነበረው ሐሳብ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ልብሳችን በላያችን ላይ እየተንጠባጠበ ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠለልን።

እዚያ ጋቢ የደረቡ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ አረጋዊ ተቀምጠው ነበር። እንድንጠጋ ቦታ ለቀቁልን። ልጅቷን አይተው «ይቺ ልጅ በብርድ ልትሞት ነው፤ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አሉኝ። የቤት ሥራውን ነገር አጫወትኳቸው። ከዚያም እንዲሁ ለመሞከር «አባባ፣ ካሣ ኃይሉ ሲባል የትኛው ነው ወደ ልብዎ የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አላመነቱም። «የማን ኃይሉ?» አሉ።

ልጅቷ ቀና አለች። አረጋዊው ቀጠሉ፤ «ልጄ፣ ሰው በአባቱ ስም ብቻ ተለይቶ አያልቅም። በገጠር ሰው ሲጠየቅ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አንቺም አስተማሪሽን፣ የማን ኃይሉ? ብለሽ መጠየቅ ነበረብሽ።» ከዚያ በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ የተጨዋወትነው ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነበር።

ቤቱ የማርያም ነውና ከዘርዐ ያዕቆብ ጀመሩ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ የደነገጉ፣ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱ፣ በሃይማኖት ጉዳይ ጽኑ ንጉሥ ናቸው። ከሳቸው በኋላ፣ በሱስንዮስ ዘመን፣ ሌላ ዘርዐ ያዕቆብ ይነሣል፤ የሐተታው ፈላስፋ፣ የአክሱም ሰው፣ ተሰዶ በተከዜ ዋሻ ተቀምጦ ስለ ጾም፣ ስለ ሥርዓት፣ ስለ አምላክ ፍርድ በልቡናው የመረመረ። ሐተታውን ማን ጻፈው የሚለው የሊቃውንት ክርክር እስካሁን አልበረደም። ነገር ግን ሕግ ደንጋጊው ዘርዐ ያዕቆብና ሕግ መርማሪው ዘርዐ ያዕቆብ አንድ ሰው መስለው የሚታዩት ተማሪ ምን ያህል ግራ እንደሚጋባ አስቡት። አረጋዊው ስለ ሁለቱ አቡነ ጴጥሮሶችም አነሡ፤ በአጤ ዮሐንስ ጊዜ ከግብጽ የመጡት አንዱ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሽስት ጥይት የተረሸኑት ፍቼ የተወለዱት ሰማዕት ሌላው።

እኔ በበኩሌ ስለ ሦስተኛው ካሣ ጨመርኩ፤ ካሣ ምርጫ፣ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው የነገሡት። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት በትግራይ በኩል ያሳለፉት እሳቸው ናቸው፤ ጦሩም ሲመለስ መሣሪያ ትቶላቸው ሄደ። ካሣ በካሣ ላይ መንገድ ሰጠ ማለት ነው። ሁለቱም ሲነግሡ ካሣነታቸውን ትተው ሌላ ስም ያዙ፤ የቋራው ካሣ ቴዎድሮስን የመረጡት ፍካሬ ኢየሱስ ላይ ፍትሕና ሰላም ያመጣል ተብሎ የተነገረለት ንጉሥ ስሙ ቴዎድሮስ ስለሆነ ነው። ስምን ከቀደመ ሰው ተውሶ የሱን አደራ መሸከም በሌላውም ዓለም አለ። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲወለድ ስሙ ማይክል ነበር፤ አባቱ በ1934 እ.ኤ.አ. ጀርመንን አይተው ሲመለሱ የራሳቸውንም የልጃቸውንም ስም በተሐድሶው መሪ ስም ለወጡት።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ስታዳምጥ ቆይታ «ታዲያ ሁለቱ ካሣ ኃይሉዎች ከስም ሌላ የሚመሳሰሉበት ነገር የለም?» አለች። አለ፤ የሚያሳዝን ነው። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ የሰባት ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁ በእንግሊዞች ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ልዑል ራስ ካሣ ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በስደት ሳሉ፣ ለአርበኝነት የቀሩት ሦስቱ ልጆቻቸው፣ ወንድወሰን፣ አበራና አስፋ ወሰን፣ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች ተገደሉ። አበራ እጅህን ብትሰጥ ነፍስህ ይተርፋል ተብሎ ቃል ተገብቶለት ነበር። ሁለቱም ካሣዎች ልጆቻቸውን በባዕድ እጅ አጡ። ታሪካቸውን አደባልቀን አንድ ካደረግነው ግን ከሁለቱ አባቶች የአንዱ ሐዘን ይሰረዛል። አረጋዊው አንገታቸውን ነቅንቀው «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፤ ሁለቱንም» አሉ።

ዝናቡ ሲያባራ መሽቶ ነበር። በሽሮ ሜዳ በኩል ቁልቁል ስንወርድ ልጅቷ ሶል የሌለውን ጫማዋን በነጠላዬ ጫፍ ጠፍራ በአንድ እግሯ እያነከሰች ሄደች። በታክሲው ውስጥ መንግሥቱዎችን እየቆጠረች ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት መርተው በስቅላት የሞቱት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ ደርግን የመሩት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ፣ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ የተጫወተው መንግሥቱ ወርቁ። ወታደር፣ ወታደር፣ ደራሲ፣ እግር ኳስ ተጫዋች! የአባታቸውን ስም ብታስቀሩባቸው አራቱም አንድ ሰው ይሆናሉ።

ቤት ስትደርስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወረቀቱን እንደገና ጻፈች። የቋራውን ካሣ በአንድ ገጽ፣ የሰላሌውን ካሣ በሌላ ገጽ አሰፈረች፤ ከላይ አባትና አያታቸውን ጻፈች። መምህሩም አንብበው ሙሉ ነጥብ ሰጧት፤ ጥያቄውንም ለሌሎቹ ክፍሎች አስተካክለው እንደሰጡ ነገረችኝ። ለዚህ መምህር አክብሮቴ ትልቅ ነው።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። የምታስተምሩ፣ የምትጽፉ፣ የጎዳና ታፔላ የምታሠሩ፣ የሐውልት ጽሑፍ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ የሰውን ስም ስታነሡ አባቱን፣ አስፈላጊ ሲሆንም አያቱን፣ የፈረሱን ስም፣ የገዛበትን አገርና ዘመኑን አትንፈጉት። አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ያቺ አንድ መስመር ግን የጀግናውን ሥራ ለጀግናው፣ የከዳተኛውን ጥፋት ለከዳተኛው ትሰጣለች። አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም፣ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን የማን ስም እንደወጣላችሁ ጠይቋቸው፤ እስከምትችሉት ቤት ድረስ ቁጠሩና ለልጆቻችሁ በጽሑፍ አስቀምጡላቸው።